ጓሳን በአንድ ቀን፣ በኪራይ መኪና

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ወንድሜ ለጥምቀት ከነልጆቹ ከአዲስ አበባ ይመጣል። መኪና ተከራይተን ጓሳ ፓርክ ደርሰን በዚያው ቀን መመለስ አስበናል። ልጆቹ ቀይ ቀበሮ ካላየን እያሉ ነው። እናታችንም አብራን ትሄዳለች። ቪትዝ ቢሆን ኪራዩ ይቀለን ነበር፣ ወንድሜ ራሱ ይነዳል። ያዋጣናል? ወይስ አንኮበር ይሻለናል?

መልስ፦ ይቻላል እህታችን፣ ግን ጎህ ሲቀድ ከወጣችሁ ነው። "ቁርስ በልተን፣ ቡና ጠጥተን" ከተባለ ጓሳን እርሱት። ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ እናንተ ግማሹን ተገላግላችኋል፤ የቀረው ግማሽ ግን እንደ መጀመሪያው አይሮጥም። ታርማበር ላይ፣ ዋሻው ጋ ሳትደርሱ፣ የደሴን መንገድ ትታችሁ በመዘዞ በኩል ወደ መሐል ሜዳ ታጥፋላችሁ። ከዚያ ወዲያ ዳገቱና ጠመዝማዛው ብዙ ነው። 3 ሰዓት ግድም ከደረሳችሁና 8 ሰዓት ላይ ከተነሳችሁ ሳይጨልም ቤታችሁ ትገባላችሁ።

ቪትዙን ተዉት። ያን ሁሉ ሰው ጭኖ ዳገት አይሆንለትም፣ ሆዱም መሬት ይነካል። ከፍ ያለ መኪና ያዙ፣ ከነሹፌሩ። ወንድምሽ ጎበዝ ሹፌር ይሆናል፤ የታርማበር ጉም ግን ሲወርድ ከፊት ያለው መኪና እንኳ አይታይም፣ መንገዱን የለመደ ሰው ይሻላል። የመንገዱንም ሰላም በዋዜማው ከመሐል ሜዳ ሹፌሮች ጠይቁ፣ ጥርጥር ካለ አትሂዱ።

ወደ ጓሳው ልምጣ። በነገራችን ላይ ብሔራዊ ፓርክ አይደለም፣ የመንዝ ሰው ራሱ የሚጠብቀው የማህበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሣሩን ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጉት፣ ከዚያ ከፍተው ያጭዱት ነበር፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ጥበቃው በሌላ መልክ ቀጥሏል። ያ ሣር ባይኖር አይጡ የለም፣ አይጥ ከሌለ ቀበሮም የለም።

ለልጆቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ቀይ ቀበሮ በቀጠሮ አይመጣም። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም። ግን አንድ ዘዴ አለ። ጭላዳዎቹን ፈልጉ። ሌሊቱን ገደል ላይ አድረው ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣሉ፣ ቁጭ ብለው ሣር ሲነጩ ይውላሉ። እዚያው ጓሳ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ቀበሮው መንጋው መሐል ገብቶ አይጥ ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን 25 ብቻ። ጭላዳዎቹም ዝም ብለው ያሳልፉታል! ስለዚህ ፎቶ አንስታችሁ ወዲያው አትነሱ። ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ መንጋው መሐል ቀላ ያለ ነገር ውልብ ሲል ታገኙት ይሆናል። ዳቦ ግን እንዳትወረውሩላቸው፣ ልጆቹንም አስጠንቅቁ።

እናትሽን በተመለከተ፣ ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ የደብረ ብርሃን ሰው ብርድ አይፈራም ቢባልም። ጋቢ ሳይሆን በርኖስ ይያዝላት። ልብ ወይም ደም ግፊት ካለባት ሐኪሟን ጠይቁ፣ ካልሆነ አንኮበር ይሻላታል። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመሄዳቸው በፊት የነበሩበትን የቤተ መንግሥት ኮረብታ አይታችሁ፣ የአፋርን ቆላ ቁልቁል ተመልክታችሁ ለምሳ ቤት ትደርሳላችሁ። ቀበሮ ግን የለበትም፣ ልጆቹ ያኮርፋሉ።

ስለ ኪራዩ፦ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደተፈቀደ ጠይቁ፣ ደርሶ መልሱ 260 ስለሚሆን ትርፉን ሊያስከፍሏችሁ ይችላሉ። ነዳጁና የሹፌሩ አበል በማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ። ሦስተኛ ወገን ግዴታ ነው፣ ግን የሚሸፍነው ሌላ ሰው ላይ የደረሰውን ነው እንጂ የተከራያችሁትን መኪና አይደለም፤ ሙሉ ኢንሹራንስ ያለው ይሁን። ታንኩን ደብረ ብርሃን ሙሉ። ቅያሪ ጎማውን ደግሞ "አለ" ሲሏችሁ አትመኑ፣ አስወጥታችሁ እዩት፣ ክሪኩንም ጭምር።