የባሕር ኤሊ ጥበቃ በጎ ፈቃድ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ውጭ አገር ሄዶ በአካባቢ ጥበቃ ላይ በበጎ ፈቃድ ስለ መሥራት የጠየቃችሁኝን እነሆ አንድ ላይ ልመልስ። እኔ የማውቀው የባሕር ኤሊ ሥራን ነው፤ ያውም በኮስታ ሪካ፣ በካሪቢያን ዳርቻ ባለችው ቶርቱጌሮ። አብዛኛው መልሴ ከዚያው ነው።

ጥያቄ፦ በጎ ፈቃደኛ እዚያ ሄዶ ምንድን ነው የሚሠራው?

ማታ ማታ በእግሩ ይሄዳል። አሸዋ ላይ፣ በጨለማ፣ ለሰዓታት። አረንጓዴ የባሕር ኤሊዎች በብዛት የሚወጡት ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ነው። ነጭ መብራት ማብራት ክልክል ነው፤ ኤሊዋ ደንግጣ እንቁላሏን ሳትጥል ወደ ባሕር ትመለሳለች። ቀይ መብራት ብቻ ይፈቀዳል። መጣል እስክትጀምር ማንም አይጠጋትም። አንዴ ከጀመረች ግን እምብዛም አትረበሽም። ያኔ እንቁላሉ ይቆጠራል፤ መቶ ገደማ ይሆናል። ቅርፊቷ ይለካል። የፊት መቅዘፊያዋ ላይ ቁጥር ያለው ትንሽ ብረት ይደረግላታል። አንዳንዴ አንድም ኤሊ ሳይታይ ይነጋል። እሱም ይመዘገባል።

ጥያቄ፦ ብረቱ ምን ያደርጋል? እንስሳዋን ማሠቃየት አይሆንም?

ለአፍታ ያማታል፤ አልዋሽም። ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። አርቺ ካር የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቶርቱጌሮ ላይ ይሄን ሥራ ሲጀምር፣ ኤሊዎቹ እንቁላል ጥለው የት እንደሚገቡ በውል አይታወቅም ነበር። ብረቱን አግኝቶ ለሚመልስ ትንሽ ክፍያ ተመደበ። ብዙው ብረት ከጎረቤት አገር ከኒካራጓ፣ ከዓሣ አጥማጆች እጅ መጣ። ኤሊዎቹ እዚያ የባሕር ሣር ይበላሉ፤ እዚያም ይታደናሉ። ቶርቱጌሮ ላይ ብቻ መጠበቅ እንደማይበቃ የታወቀው በዚህ ነው። ከካር ሥራ የተነሣው፣ ዛሬ ሲ ተርትል ኮንሰርቫንሲ የሚባለው የባሕር ኤሊ ጥበቃ ድርጅት ከ1959 ጀምሮ አለ። ዳርቻው በ1975 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። የዚህ ሁሉ መነሻ ሰው በሌሊት እየዞረ የጻፈው ቁጥር ነው።

የአሸዋ ሙቀት መለካትም እንደዚሁ ይጠቅማል። የባሕር ኤሊ ጾታ የሚወሰነው በጎጆው ሙቀት ነው፤ አሸዋው ሲሞቅ ሴቶች ይበዛሉ። በሰሜናዊው የአውስትራሊያ ግሬት ባሪየር ሪፍ ከተመረመሩት ወጣት ኤሊዎች ከ99 በመቶ በላይ ሴት እንደሆኑ በ2018 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት አሳይቷል። ወንድ ከጠፋ ምን እንደሚከተል አስቡት።

ጥያቄ፦ ጉልበቴን በነፃ እየሰጠሁ ለምን ገንዘብ እከፍላለሁ?

ምግብ አለ፣ አልጋ አለ፣ ጀልባ አለ፣ አሠልጣኝ አለ። መክፈሉ አያሳፍርም፤ ዋናው ገንዘቡ የት እንደሚገባ መጠየቅ ነው። ከመንደሩ ሰው ስንቱን ይቀጥራሉ? የሰበሰቡት መረጃ ለማን ይደርሳል? ጥርት ያለ መልስ ከሌላቸው ተዋቸው። ቶርቱጌሮ ድሮ ኤሊ እያረደ የሚኖር መንደር ነበር። ዛሬ ብዙ ሰው የሚኖረው ኤሊ ለማየት ከሚመጣው እንግዳ ነው፤ ጎብኚ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ሳይዝ በሌሊት ወደ ዳርቻው አይወርድም። በእኔ እምነት ኤሊዎቹን ከእኛ ከፈረንጅና ከዳያስፖራ ይልቅ ያዳናቸው ይሄ ነው። እኛ ወቅቱ ሲያልቅ እንሄዳለን።

ጥያቄ፦ ደቡብ አፍሪካ የአንበሳ ደቦል ማሳደግ የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ልሂድ?

እባክሽ አትሂጂ። ደቦሎቹ ለሰው እንዲታቀፉ ተብሎ ከእናታቸው ይነጠላሉ። ሰው የለመደ አንበሳ ጫካ አይመለስም። አንዳንዶቹ ሲያድጉ ለአዳኝ ይሸጣሉ። አውሬ ማቀፍና ፎቶ መነሣት የሚያስተዋውቅ ቦታ ጥበቃ አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጄ 19 ዓመቷ ነው፣ ጀርመን ነው የምንኖረው። እንዲህ ያለውን ወጪ አንችልም።

እናቴ፣ ዩሮፒያን ሶሊዳሪቲ ኮርፕስ የሚባለውን እንድታይ ይንገሯት። በአውሮፓ ኅብረት አገር በሕጋዊ መንገድ ለሚኖሩ ከ18 እስከ 30 ዓመት ለሆናቸው ወጣቶች ነው። መጓጓዣ፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ ኢንሹራንስና የኪስ ገንዘብ ይሸፍናል። የአካባቢ ጥበቃ ሥራም አለበት።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርትስ?

ኮስታ ሪካ ሩቅም ውድም ነው። ኬንያን አስብ። ዋታሙ ላይ ሎካል ኦሽን ኮንሰርቬሽን የሚባል ድርጅት አለ። ዓሣ አጥማጁ መረቡ ውስጥ ኤሊ ሲገባበት ይደውላል፤ እነሱ መጥተው ትንሽ ይከፍሉትና ኤሊዋን ይለቋታል። የተጎዳች ከሆነች ያክሟታል። ግሩም አሠራር ነው። ለጉብኝት መግባት ሌላ፣ በበጎ ፈቃድ መሥራት ሌላ መሆኑን ግን አትርሳ። ከመሄድህ በፊት የትኛው ፈቃድ እንደሚያስፈልግህ የምትሄድበትን ድርጅት በጽሑፍ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ስፓኒሽ ካልቻልኩስ?

ቶርቱጌሮ ላይ ሥራው በእንግሊዝኛ ይሄዳል። ከመንደሩ ሰው ጋር ለመጫወት ግን ጥቂት ተማር፤ ደስ ይላቸዋል።

ጥያቄ፦ ምን ልያዝ?

ጥቁር ልብስ፣ ምክንያቱም ነጣ ያለ ነገር በሌሊት ይታያል። ድፍን ጫማ። ጥሩ የዝናብ ልብስ፤ ቶርቱጌሮ ዝናቡ አይጣል ነው! ሻንጣ አታብዛ፤ መኪና አይገባም፣ የምትደርሰው በጀልባ ወይም በትንሽ አውሮፕላን ነው።