ሦስት ፕሮፎርማ፣ አንድ የፊደል ስህተት

ጥያቄ፦
እንደምን ሰነበቱ? አምድዎን ሁሌ አነባለሁ። ዛሬ ግን ትዕግሥቴ አልቆ ነው የጻፍኩልዎ።

ግዥ ክፍል ከገባሁ 6 ዓመቴ ነው። ወረቀቱ፣ ቀለሙ፣ ወንበሩ ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል። ዕቃ ሲዘገይ ስልኩ ለእኔ ነው። በጊዜው ሲገባ ግን የሚያመሰግነኝ የለም። ባለፈው ወር የቡድን መሪ ቦታ ተከፈተና ከእኔ 3 ዓመት ዘግይቶ ለገባ ልጅ ተሰጠ። ሥራውን ያስለመድኩት እኔ ነኝ! የዋጋ ማወዳደሪያ ሰንጠረዥ እንኳ አያውቅም ነበር። አሁን ፈቃድ የምጠይቀው እሱን ነው።

አለቃዬን ምን ጎደለኝ ብዬ ጠየቅኳቸው። «አንቺ ነገር ታካብጃለሽ» አሉኝ። ምኑን እንዳካበድኩ እንጃ። አንድ ጊዜ ልጁ ከሦስት ድርጅት የጠረጴዛ ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ፣ ሰብስቦ ሲያመጣ ሦስቱም ላይ «ጠረፔዛ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ይሄ ነገር እንዴት ነው ስላቸው «ይቸኩላል፣ ፈርሚ» አሉኝ፤ ፈረምኩ። ከዚያ ወዲህ አንስቼውም አላውቅ። ስለዚህ ታካብጃለሽ ያሉኝ በዚያ አይመስለኝም።

ልጁ ቢሮ ለቢሮ እየዞረ ሲጫወት ይውላል። እኔ አንገቴን ደፍቼ እሠራለሁ። ጓደኞቼ የግዥ ሰርተፍኬት ያዢ ይሉኛል፤ ክፍያው ግን ቀላል አይደለም። ልማር? ወይስ ሙያው ለእኔ አይደለም?

መልስ፦
እህቴ፣ ስለ ልጁ ሆድሽ እስኪወጣ ጻፍሽ። ጠረጴዛውን በሁለት ዐረፍተ ነገር አለፍሽው። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ።

ሦስት የማይተዋወቁ ድርጅቶች አንድ ፊደል አንድ ላይ አይስቱም። ኦዲተሮች የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ነው፦ አንድ ዓይነት የፊደል ስህተት፣ አንድ ዓይነት የድምር ስህተት፣ የተደጋገመ ስልክ ቁጥር። ብዙ ጊዜ አሸናፊው ቀድሞ ታውቋል፤ ሁለቱ ለማሟያ የገቡ ናቸው። አንቺ ይህን አየሽ። አይተሽ ፈረምሽ! የምቆጣሽ እዚህ ላይ ነው። ነገ ፋይሉ ሲከፈት «ፈርሚ» ያለሽ ሰው ድምፅ ወረቀቱ ላይ የለም። ያለው ያንቺ ስም ነው።

አጭር ማስታወሻ ጻፊ። ቀኑን፣ የግዥ ትዕዛዙን ቁጥር፣ ያየሽውን ስህተት፣ በቃል ማሳወቅሽን። ይጣራልኝ በይ። ልጁን ሌባ አትበዪው፤ የምታውቂው ፊደሉን ብቻ ነው። አለቃሽ ዝም ካሉ ለውስጥ ኦዲት ስጪ። ዕድገቱን ሊያርቅብሽ ይችላል፣ አልዋሽሽም። እኔ ብሆን ግን እጽፈው ነበር።

ቢሮ ለቢሮ መዞሩን ደግሞ አትናቂው። የግዥ ጥያቄው ሳይጻፍ በፊት ማን ምን እንደሚፈልግ የሚሰማው እዚያ ነው። ይህቺን እንኳ ኮርጂው።

ሰርተፍኬቱ አይከፋም፤ ግን አይቸኩልም። ፒተር ክራልጂክ የሚባል አማካሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ግዥን በሁለት ጥያቄ ከፋፍሎት ነበር፦ ዕቃው ትርፍን ምን ያህል ይነካል? ማግኘቱስ ምን ያህል ያስቸግራል? ወረቀትና ቀለም በሁለቱም ዝቅተኛው ጥግ ላይ ናቸው። አንቺ 6 ዓመት እዚያ ጥግ ተቀምጠሻል፤ ማን ይይሽ? አንድ አቅራቢ ብቻ ያለውን፣ ሲጠፋ ሥራ የሚያቆመውን መለዋወጫ ስጡኝ በይ። እዚያ የዋጋ ሰንጠረዥ አያድንሽም። ውል ማንበብ፣ ክምችት ማስላት፣ ሁለተኛ አቅራቢ ማፈላለግ ትማሪያለሽ። ያኔ ለኮርሱ መሥሪያ ቤቱ ይክፈልልኝ ለማለትም አፍ ይኖርሻል።

ሙያው ለእኔ አይደለም ወይ ላልሽው፣ ሦስት ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ አንዲት «ፔ» የሚይዝ ሰው ሌላ የት ይሂድ? ማስታወሻውን ብቻ ዛሬ ጻፊ።