ሌብሉ ላይ የጻፍኩት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ይሄን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። የአሁኑ ግን ይላካል።

የምኖረው ደሴ ነው፣ ከጦሳ ግርጌ። ሁለት ልጆች አሉኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት ሥራዬን ስለቅ ከመኝታ ቤታችን ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል የኔ አደረግኳትና ስካርፍ መሥራት ጀመርኩ። መሥራት ስል... ችግሩ ያለው እሱ ላይ ነው፣ እመጣበታለሁ።

ነጩን ጨርቅ የሚሸምኑልኝ አንድ ሽማግሌ አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። ቤታቸው ወደ ሐይቅ በኩል ነው። በየሁለት ሳምንቱ ወይ እኔ እሄዳለሁ፣ ወይ ልጃቸው ሰኞ ገበያ ስትመጣ ታቀብለኛለች። ወርዱ 60፣ ርዝመቱ 180 ሴንቲ ነው። ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፣ ማጉ ደግሞ ባለቤታቸው የፈተሉት። እኔ አጥበዋለሁ፣ ቀለም እነክረዋለሁ፣ ጫፉን እቋጨዋለሁ፣ አንዳንዱ ላይ ትንሽ ጥልፍ ጣል አደርግበታለሁ። ቀለሙን ከኩሽናዬ ነው የማወጣው፤ የሽንኩርት ልጣጭ፣ እርድ፣ ሻይ ቅጠል፣ ቀይ ሥር። ከጋሼ በ450 ብር ገዝቼ በቴሌግራም በ1,400 እሸጠዋለሁ። አዲስ አበባ ድረስ ይሄድልኛል።

ባለፈው ወር ሌብል አሳተምኩ። «ከድር እስከ ቀለም በእጄ የተሠራ» ይላል። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል፣ እውነቴን ነው፣ ፖስት ባደረግኩ ማግስት ዘጠኝ ተሸጠ። በሦስተኛው ቀን የጋሼ ልጅ ደወለችልኝ። አልተቆጣችም። «እታለም፣ ድሩን ያደራሽው አንቺ ነሽ እንዴ?» አለችኝና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ስልኩን ስዘጋው ግን ፊቴ እሳት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ዘንድ አልሄድኩም፣ ይኸው አምስት ሳምንት ሆነኝ። ጨርቁም አልቋል።

በዚያው ሳምንት ደግሞ አንዲት ደንበኛዬ ፎቶ ላከችልኝ። ለፋሲካ የገዛችው ቢጫ ስካርፍ አመድ መስሏል፣ ቦታ ቦታው ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለበት። «አይለቅም ብለሽኝ ነበር» አለችኝ። አጠባሽ ነው ያበላሸው አልኳት። ከዚያ በኋላ መልስ የለም።

ባለቤቴ ክፍሉን እናከራየው ይላል። አማቴ ደግሞ ባለፈው ሰው በተሰበሰበበት «ተምረሽ ተምረሽ ሸማኔ ሆነሽ አረፍሽው?» አሉኝ። እሳቸው እንዲህ ይላሉ እንጂ ከኔ ሦስት ስካርፍ በነጻ ወስደዋል፣ ለእህታቸውም አራተኛ ጠይቀውኛል። በዚህ ሁሉ ላይ ቀን ልጅ ስለማያሠራኝ ቀለሙን የማፈላው ሌሊት ነው፤ ብርዱን ስለማልችለው መስኮቱን ዘግቼ፣ ትንሿን አጠገቤ አስተኝቼ፣ ከሰሉ ዳር እስከ ስምንት ሰዓት እቀመጣለሁ። ደክሞኛል።

ሌብሉን ብቀይረው ራሴን ማዋረድ አይሆንብኝም? ጋሼንስ ምን ብዬ ነው የማያቸው? ወይስ ሁሉንም ትቼ ክፍሉን ላስረክብ?

ከጦሳ ግርጌ

*

ሰላም የጦሳ ግርጌዋ፣

ሌብሉን ቀይሪው። ክፍሉን አታስረክቢ። ሌላውን ቀስ እያልን እናየዋለን።

ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ነገር ላይ ቆምኩ። አማትሽ «ሸማኔ» ሲሉሽ አመመሽ። ሌብሉ ላይ ግን ያቺኑ ሸማኔነት ከጋሼ ወስደሽ ለራስሽ ጻፍሻት። ስድብ ሲሆን የማትፈልጊው፣ ሽያጭ ሲሆን የምትፈልጊው ሙያ ነው ማለት ነው። ይሄን የምልሽ ላሳፍርሽ ብዬ አይደለም፣ አፍረሻል፣ ይበቃሻል። ግን ፊትሽን እሳት ያደረገው የልጅቷ ሳቅ ብቻ አይመስለኝም።

ድሮ እኮ ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ» ብለው ነበር የሚሰድቡት። ነገሩ ከመብዛቱ የተነሳ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አለፈው፣ አማትሽ ግን ገና አልሰሙም መሰለኝ።

አያቴ የወረባቦ ሰው፣ ፈታይም ነበረች። ጥጡ መጀመሪያ ይዳመጣል፣ ፍሬው ይወጣል። በደጋን ይነደፍና ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፣ ፈትሉ ልቃቂት ይሆናል፣ ልቃቂቱ ወደ ቀሰም ይዞራል፣ መወርወሪያው ውስጥ ገብቶ ማግ የሚሆነው ይሄ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። አያቴ ከአቦል እስከ በረካ ወሬ ሳታቋርጥ፣ እንዝርቷንም ሳታቋርጥ ትፈትል ነበር፣ እንደዚያም ሆኖ በረካው ሲቀዳ ልቃቂቷ ያው ትንሽ ነው። እና «ከድር እስከ ቀለም በእጄ» የሚለውን ሳነብ መጀመሪያ የመጡብኝ ጋሼ ሳይሆኑ ባለቤታቸው ናቸው። ደብዳቤሽ ውስጥ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው ያለፍሻቸው። ስካርፉ ላይ ግን የማጉ ሥራ ሁሉ የእሳቸው ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ሌባ አይደለሽም። በ450 ገዝተሽ በ1,400 ስትሸጪ መሃል ላይ ያለው 950 ብር ሁሉ ኪስሽ አይገባም፤ ከሰል አለ፣ ቀለም አለ፣ መላኪያ አለ፣ የተበላሸው አለ፣ ሌሊቱ አለ። ጋሼ ዋጋቸውን ጠርተው ሸጠውልሻል። ግን 450ው የዛሬ ሦስት ዓመት የተነጋገራችሁበት ከሆነ እሱ ሌላ ነገር ነው። እኔ በነዚህ ዓመታት ባለበት የቆመ የክር ዋጋ አላየሁም። እስኪጠይቁሽ አትጠብቂ፣ ሽማግሌ ሰው ጨምሪልኝ ብሎ አይለምንም።

አሁን ሂጂ። በስልክ አይሆንም። ቡናና ስኳርሽን ያዢ፣ አርብ ከሆነ ከጁምዓ በኋላ ይሁን፣ ሌብሉንም ይዘሽው ሂጂ፣ እንዳትደብቂው። «ጋሼ፣ ይሄን ጻፍኩ፣ ልክ አልነበረም፣ አዲስ ላሳትም ስለሆነ እርስዎንና እማማን እንዴት ብዬ ልጻፍ?» በያቸው። ረጅም ይቅርታ አታውሪ፣ ያስጨንቃቸዋል። ጠይቂያቸው ያልኩሽ ደግሞ በምክንያት ነው። ስሜ ይውጣ የሚል አለ፣ ስሜን ተይው የሚልም አለ፤ ዕድሜውን ሙሉ በሙያው ሲሰደብ የኖረ ሰው ስሙ ካርቶን ላይ ታትሞ አዲስ አበባ መሄዱን እንደ ክብር ላያየው ይችላል። እሱን አንቺ አትወስኚላቸው። ስሜ አይውጣ ካሉ «ሐይቅ አካባቢ የተሸመነ» ማለት ይበቃል። ልጅቷንም አመስግኛት። ደንበኞችሽ ፊት ኮሜንት ላይ ልትጽፈው ትችል ነበር፣ እሷ ግን ደውላ ሳቀች።

«ራሴን ማዋረድ አይሆንብኝም?» ላልሽው፣ የቀለም ሥራ ብቻውን ትልቅ ሙያ ነው። ችግሩ፣ ተቀየሚኝ እንጂ፣ እሱን ገና በደንብ አልያዝሽውም። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እርዱን ተይው። አልጫ ወጥ ነጠላሽ ላይ ጠብ ብሎብሽ አያውቅም? ሳሙና ስትቀቢው ይቀላል፣ ፀሐይ ላይ ስታሰጪው ደግሞ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ደንበኛሽ የላከችልሽ ፎቶ ይሄው ነው፣ ቀዩ ነጠብጣብ ሳሙና የነካው ቦታ ነው፣ አመዱ ፀሐይ ነው። ጥፋቱ የአጠባዋ አይደለም፣ የእርዱ ነው። ቀይ ሥርም ያው ነው፣ ድስቱ ውስጥ ልብ ይሰርቃል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ የለም።

የሽንኩርት ልጣጭና ሻይ ቅጠል ይሻላሉ፣ ግን ጥጥ ግትር ነው። የበግ ጠጉር ቀለም ቶሎ ይቀበላል፣ ጥጥ ካላባበልሽው አይዝልሽም። መጀመሪያ በሳሙና በደንብ ቀቅዪው፣ ጥጡ ላይ ያለው ሰም ይውጣ። መውጣቱን ለማወቅ ደረቁ ጨርቅ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጣይበት፣ ቶሎ ካልመጠጠ ገና ነው። ቀጥሎ የሮማን ልጣጭ ወይም ወፍራም ሻይ ውስጥ አሳድሪው። ከዚያ አሉም የሚሉት ነጭ ጨው አለ፣ ውሃ ለማጥራት የሚጠቀሙበት፤ ለ100 ግራም ደረቅ ጨርቅ 15 ግራም ገደማ በሙቅ ውሃ አሟምተሽ እዚያ ውስጥ ዘፍዝፊው። ስካርፍሽ 150 ግራም ከመዘነ 22 ግራም መሆኑ ነው፤ በዓይን አትገምቺ፣ ትንሽ ሚዛን ግዢ። ቀለሙ ከዚህ በኋላ ይመጣል፣ ልጣጩ ከጨርቁ እኩል ይመዝን። በቪዲዮ የምታያቸው ሰዎች አንድ ሰዓት ይበቃል ይሉሻል፣ የእነሱ ውሃ ግን 100 ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የኛ ውሃ 92 አካባቢ ላይ ይንተከተካል። ሰዓቱን አስረዝሚና እዚያው ድስቱ ውስጥ ቀዝቅዞ ይደር። ድስቱ ታዲያ የቀለም ብቻ ይሁን፣ ወጥ አይሠራበትም።

ግራጫ ከፈለግሽ በሻይ የነከርሽውን የዛገ ሚስማር የተቀመጠበት ውሃ ውስጥ ለአጭር ጊዜ አስገቢው። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ላይ እንደሚተኛው ጭጋግ ይሆንልሻል። አታብዢው ብቻ፣ ብረት ሲበዛ ጥጡን ይበላዋል።

ከመሸጥሽ በፊት ከያንዳንዱ ቀለም ቁራጭ ወስደሽ ግማሹን በካርቶን ሸፍኚና ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ሁለት ሳምንት ተይው። ካርቶኑን ስታነሺው ሁለቱ ግማሾች ከተለያዩ ለደንበኛ «አይለቅም» አትበዪ። የሽንኩርት ቢጫም ከእርድ በብዙ ይሻላል እንጂ ዘላለም አይኖርም። «ከጊዜ ጋር ይለዝባል» ብለሽ ከጻፍሽ የሚገዛሽ ይገዛሻል። ማሽን ያተመው ጥለት ገበያውን በሞላበት ጊዜ አንቺ ዘንድ የሚመጣው ሰው እንደ ፕላስቲክ የማይለወጥ ቀለም ፈልጎ አይመስለኝም።

ለዚያች ደንበኛሽ ዛሬ ጻፊላት። አጠባሽ አይደለም፣ ቀለሙ የኔ ስህተት ነው በያት፣ ወይ ብሯን መልሺ ወይ ስካርፉን አስልከሽ በሻይና በሚስማሩ ግራጫ አድርጊላት። መላኪያው ባንቺ ነው።

አዲሱ ሌብል ብዙ ማለት የለበትም። «ፈትልና ሽመና፦» ብለሽ ጋሼና ባለቤታቸው የተስማሙበትን ጻፊ። «ቀለሙን የነከርኩት፣ ጫፉን የቋጨሁት እኔ፣ ደሴ። ቀለሙ የሽንኩርት ልጣጭ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ፣ ጥላ ላይ ይሰጣ።» አለቀ። እኔ ብሆን ከቀድሞው ይልቅ ይሄኛውን ነው የምገዛው፣ ሻጩ የሚያወራልኝ ነገር አለው።

አማትሽ አራተኛውን ሲጠይቁሽ ዋጋውን ንገሪያቸው። ፈገግ ብለሽ፣ የዘመድ ቅናሽ አድርገሽ፣ ግን ዋጋ ንገሪያቸው። ባለቤትሽን ደግሞ የሦስት ወር ገቢና ወጪ በደብተር አሳይተሽ አነጋግሪው፤ ክፍሉ ቢከራይ ከሚያስገባው ጋር ያወዳድረው። ደብተር ከሌለሽ ዛሬ ጀምሪ።

አንድ ነገር አለ፣ ከሁሉም በፊት ልለው ሲገባኝ አሁን ነው የመጣሁበት። መስኮት ዘግተሽ፣ ልጅ አጠገብሽ አስተኝተሽ፣ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከሰል ዳር እቀመጣለሁ ብለሽ እንደ ቀላል ነገር አልፈሽዋል። የከሰል ጭስ የሚታየው ሲቀጣጠል ነው፤ የሚገድለው ጋዝ ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ከጠፋ በኋላም ይወጣል፣ አይታይም፣ አይሸትም፣ የሚያስተኛ ነው። ያ «ደክሞኛል» ያልሽው ከሱም ሊሆን ይችላል፣ ራስሽን የሚያምሽና የሚያቅለሸልሽሽ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ንገሪያቸው። ምድጃውን ግቢ አውጪው፣ ቀለሙን ቀን ላይ አፍዪው፣ ልጅ አያሠራኝም ካልሽ በሳምንት አንድ ከሰዓት ባለቤትሽ ይያዛት። ዛሬ ማታ ግን ምንም ቀለም አታፍዪ። ትንሿን አልጋዋ ላይ አስተኚያት፣ አንቺም ተኚ።