የድሮ ገበሬ ታሪክ ከስሙ ሳይሆን ከመሬቱ ይጀመራል

ሰላም እህቴ። «ልጄ በ19ኛው መቶ ዘመን ሚኒሶታ ይኖር ስለነበረ አንድ ገበሬና ቤተሰቡ ጽፈህ ና ተብሏል፣ የሰጡት ስም ብቻ ነው፣ ከየት እንጀምር?» ላልሽው፣ አምና የኔዋም ልጅ ይኸው ሥራ ተሰጥቷት አብረን ፍዳችንን በልተናል። ትንሽ ረዘም ይልብሻል፣ ታገሺኝ።

በመጀመሪያ ስሙን ብቻ ይዘሽ ኢንተርኔት ላይ አትሩጪ። እኔ ሮጬ ሁለት ሳምንት የሌላ ሰው ታሪክ ስቆፍር ከረምኩ። እዚህ ከሰፈሩት ብዙዎቹ ኖርዌጂያንና ስዊድኖች ናቸው፣ ያን ጊዜ ደግሞ አብዛኛው ገበሬያቸው እንደኛው በአባት ስም ነበር የሚጠራው። የላርስ ልጅ ፔደር፣ ፔደር ላርሰን ይባላል። የፔደር ልጅ ደግሞ ፔደርሰን። አሜሪካ ከገቡ በኋላ አንዱ ወንድም በአባቱ ስም ሲቀር ሌላው አገር ቤት የተወለደበትን እርሻ ስም ይይዛል። በአንድ ካውንቲ አራት ሞክሼ ብታገኚ አይግረምሽ። ፎርም ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚለው ጋ ደርሶ ግራ የተጋባ ሐበሻ ይሄ ወዲያው ይገባዋል።

ስም ይመሳሰላል፣ መሬቱ ግን አንድ ቦታ ነው። መንግሥት አገሩን በካሬ በካሬ ሸንሽኖታል። ታውንሺፕ የሚሉት በየጎኑ 6 ማይል ነው፣ ውስጡ 36 ሴክሽን አለ፣ የአንዱ ሴክሽን ሩብ 160 ኤከር ይሆናል። ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1862 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የፈረመው የሆምስቴድ ሕግ፣ ማለትም የመንግሥትን መሬት ለሰፋሪ የሚሰጠው ሕግ፣ ለአንድ ሰው ይፈቅድ የነበረው እስከዚሁ 160 ኤከር ነው፤ በኛ ከአንድ ጋሻ ተኩል ትንሽ ይበልጣል። ያላገባች ሴትም፣ ባሏ የሞተባትም ማመልከት ትችል ነበር። ክፍያው ሁሉም ተደምሮ 18 ዶላር ገደማ ነበር፤ ነገር ግን 5 ዓመት ኖረህበት፣ ቤት ሠርተህ፣ አርሰህ ማሳየት ነበረብህ። (መሬቱ ባለቤት አልነበረውም እንዳይል ልጅሽ። ነባሩ የዳኮታ ሕዝብ አገር ነበር፣ በ1862 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ከተዋጉ በኋላ ነው ከሚኒሶታ የተባረሩት። የኛ አስተማሪ ይሄን አልጠየቀችም፣ እኛ ግን ጻፍነው።)

5 ዓመቱ ሲሞላ ሰውዬው ሁለት ጎረቤት አቅርቦ ያስመሰክራል። ያ ፋይል ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ተቀምጧል፣ ማዘዝ ይቻላል። ወረቀት ይመስላል እንጂ ወርቅ ነው! የኛ ሰውዬ ቤት 14 በ16 ጫማ፣ አንድ በር፣ ሁለት መስኮት። ምስክሩ የእንጨት ወለል እንዳለውም ጠቅሷል፤ ወለሉ አፈር የሆነ ቤት ብዙ ነበርና። ልጄ ሳሎናችንን ለክታ «አባዬ፣ ከዚህ በሚያንስ ቤት ሰባት ሰው?» አለችኝ።

እዛው ፋይል ውስጥ «ከመሬቱ ተለይተህ ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ አለ። መልሱ፣ በበረዶው ወራት ሰሜን ወርዶ እንጨት ቆረጣ ይሠራ እንደነበር ይናገራል። «ቤተሰቤ ግን እዚያው ነበር» ይላል። በቃ፣ ይቺን ብቻ። ሚስትየው በዚያ ብርድ ከአምስት ልጅና ከላሞች ጋር ብቻዋን መክረሟ በዚች ግማሽ መስመር ነው ያለው። ልጅሽ እንዲህ ያሉ መስመሮች ላይ ይቆይ።

ለምን እንደሄደም ዓመቱ ይነግርሻል። ከ1873 እስከ 1877 ሚኒሶታን አንበጣ በልቷታል። ገበሬው ቆርቆሮ ላይ ሬንጅ ቀብቶ ማሳው ላይ እየጎተተ፣ የተጣበቀውን ሰብስቦ ያቃጥል ነበር። ገዥው ጆን ፒልስበሪ ለሚያዝያ 1877 የጾምና የጸሎት ቀን አወጁ። ምህላ በይው። አንበጣው በዚያው በጋ ሄደ። እናቴ ይሄን ስነግራት ምንም አልገረማትም።

ቀጥሎ የሕዝብ ቆጠራ። የቤተሰቡ አባል ሁሉ በስም መጻፍ የጀመረው በ1850 ነው፣ ማን ለማን ምን እንደሆነ ደግሞ ከ1880 ወዲህ። የ1890ው ዋሽንግተን በተነሳ እሳት ምክንያት ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፣ እሱን ስትፈልጊ አትድከሚ። የክልሉ የራሱ የ1885 እና የ1895 ቆጠራ ክፍተቱን ይሞላልሻል። የ1880ው የእርሻ ቆጠራም አለ፤ ስንት ላም፣ ስንት ቡሽል ስንዴ፣ ስንት ቅቤ። ከኛ ሰውዬ ስም ትይዩ 400 ፓውንድ ቅቤ ተጽፏል። እሱ ናጠው? ቅቤና እንቁላል የሴቶቹ ሥራ ነው፣ ሱቅ ወስደው በስኳርና በጨርቅ የሚለውጡት። ገበሬው ተብሎ የተመዘገበው ግን እሱ ነው።

የ1900ውን ሳታዪ እንዳትጨርሺ። እናቶችን ስንት ወለድሽ፣ ስንት በሕይወት አሉ ብሎ ይጠይቃል። የኛዋ ዘጠኝ፣ አምስት። አራቱን ያገኘናቸው በሉተራን ቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ነው። በኖርዌጂያንኛ ስለሆነ የካውንቲው ታሪክ ማኅበር ውስጥ በነጻ የሚያገለግሉ አንዲት አሮጊት አነበቡልን። ሁለቱ በአንድ ሳምንት ነው የሞቱት፣ ዲፍቴሪያ በሚባል የጉሮሮ በሽታ። አሮጊቷ ስማቸውን ሁለት ጊዜ ጠሩልን፣ ልጄ አጻጻፉን እንድትይዝ።

የመሬቱ ቁጥር (የታውንሺፑና የሴክሽኑ) ከደረሰሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ እንዴት እንደሚነበብ አሳይሻለሁ። ፋይሉን ግን ዛሬውኑ እዘዢ፣ የኛ ሳምንታት ፈጅቶ ሥራው ሊሰበሰብ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው የደረሰው።