ኮምፒውተሬ አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል፦ ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ቁጭ ብዬ ጥያቄ ልመልስ ነው። ጉዳያችን አንድ ነው፦ እንደ ልብ አልነሳ ያለ ዴስክቶፕ። ጭራሽ የሞተ ኮምፒውተር ብዙ አያስቸግርም፤ ሰው የሚያሰቃየው አንዴ ተነስቶ አንዴ እምቢ የሚለው ነው። ቤት ውስጥ ያስለቅሳል፣ ተሸክመው ጥገና ቤት ሲያደርሱት በመጀመሪያው ይነሳል። ከዚያ ግምት ይጀመራል። በግምት ስንቱ ደህና ማዘርቦርድ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ተቀይሯል። ስለዚህ «አይነሳም» ብቻ ብላችሁ አትተዉት። መቼ ነው እምቢ የሚለው? ጠዋት ነው? መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው? ከቦታ ቦታ ካዞራችሁት በኋላ ነው? ማራገቢያው ይዞራል? ድምፅ ያሰማል? የመልሱ ግማሽ እዚያ ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ሙሉውን ሳጥን «ሲፒዩ» ይለዋል። እንዳንደናገር እኔ ሳጥኑን ኬዝ እለዋለሁ፤ ሲፒዩ የምለው ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን፣ ስሌቱን የሚሠራውን ዋና ቺፕ ብቻ ነው።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ)፦ ጠዋት ሱቅ ስከፍት አይነሳልኝም። ማብሪያውን ስጫን ማራገቢያው ትንሽ ዞር ይልና ቀጥ ይላል። አምስት ስድስት ጊዜ ስሞክረው ይነሳል። ከተነሳ በኋላ እስከ ማታ ምንም አይለኝም። ከሰዓት አጥፍቼ ባበራውም ወዲያው ይነሳል። አንድ ባለሙያ «ማዘርቦርዱ ሄዷል» አለኝ። ልቀይረው?

መልስ፦ ቆይ እህቴ፣ ገና ነው። ሲቀዘቅዝ እምቢ፣ ሲሞቅ እሺ ካለ እኔ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ፓወር ሰፕላዩን ነው፤ ኬዙ ውስጥ ያለው፣ የመብራቱ ገመድ የሚሰካበትና ለሌላው ዕቃ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን ማለት ነው። የደብረ ብርሃንን ጠዋት ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ካፓሲተር የሚባሉ፣ ትንንሽ ጣሳ የመሰሉ ዕቃዎች አሉ። ውስጣቸው ፈሳሽ አለ። ፈሳሹ በዓመታት ሙቀት እየደረቀ ይሄዳል። የደረቀ ካፓሲተር ሲበርደው ይበልጥ ይዳከማል፣ ትንሽ ሲሞቅ ያገግማል። አንቺ ደጋግመሽ ስትሞክሪ እያሞቅሽው ነው ማለት ነው። ፓወር ሰፕላዩ የሚሰጠው ቮልት ሲስተካከል «ደህና ነኝ፣ ቀጥል» የሚል ምልክት በግራጫው ሽቦ ለማዘርቦርዱ ይልካል። ምልክቱ ካልደረሰ ማዘርቦርዱ ሥራ አይጀምርም። ማራገቢያው ዞር ብሎ የሚቆመውም ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ማረጋገጫው ገንዘብ አይፈልግም። ደህና መሆኑ የታወቀ ፓወር ሰፕላይ ከሰው ተዋሺ። ማታ አስገጥሚውና ጠዋት፣ ብርዱ ሳይለቅ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ማብሪያውን ተጫኚ። ቴስተር ያለው ሰው ካለ ይለካልሽ፦ ቢጫው ሽቦ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መስጠት አለበት። ግን ከሞቀ በኋላ ከለካው ደህና ይመስላል። መለካት ያለበት እምቢ በሚልበት ሰዓት ነው።

ኬዙ ሲከፈት ማዘርቦርዱንም እዪው። እዚያ ላይ የቆሙት ካፓሲተሮች አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። አብጠው ወይም ቡናማ ነገር አፍስሰው ካገኘሻቸው ባለሙያው ልክ ነው። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን እንዳትከፍቺ። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። በዚህ ቀልድ የለም።

ጥያቄ (አዲስ አበባ፣ ተማሪ ነኝ)፦ ማራገቢያው ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ኬዙን ጎኑን መታ መታ ሳደርገው አንዳንዴ ይነሳል።

መልስ፦ መምታቱን ከዛሬ ጀምሮ ተው። ሃርድ ዲስክ ካለው እሱንም ትገድለዋለህ። ግን ምልክቱ ጥሩ ጠቁሞሃል፦ የሆነ ቦታ ኮንታክት ላልቷል። አብዛኛውን ጊዜ ራም ነው፤ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ረዘም ያለ ቀጭን የማስታወሻ ካርድ።

ላጲስ አለህ? ነጩ፣ ለስላሳው ይሻላል። ገመዱን ከሶኬት ንቀል። ከነቀልክ በኋላ ማብሪያውን 10 ሰከንድ ያህል ተጭነህ ያዝ፤ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። የኬዙን ባዶ ብረት በእጅህ ንካ፤ ሰውነትህ ላይ ያለው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ራሙን እንዳያበላሸው። ከዚያ የራሙን ጫፍና ጫፍ የያዙትን መቆለፊያዎች ወደ ውጭ ግፋቸው፣ ራሙ ራሱ ብቅ ይላል። ጠርዙን ብቻ ያዝ። ከታች በኩል የተደረደሩትን ወርቃማ ጥርሶች ተመልከት። የደበዘዘ ወይም የጠቆረ ታያለህ። በላጲሱ በቀስታ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሁለቱንም ገጽ አሻሽ። ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ አራግፍ እንጂ በአፍህ እፍ አትበል፣ ምራቅ ይገባል። ስትመልሰው በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ከማስገቢያው ጉብታ ጋር አስተካክለህ በሁለት አውራ ጣት ጫን። «ቀጭ» ሲል ሰምተሃል ማለት ገብቷል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ አንዱ ወገን ገብቶ ሌላው ግማሽ ላይ ይቀራል።

ሁለት ራም ካለህ አንዱን አውጥተህ በአንድ ብቻ ሞክር። ከዚያ በሌላው ብቻ። ማስገቢያውንም እየቀያየርክ። የትኛው ጋ እምቢ እንደሚል ጻፈው፤ አለበለዚያ በአራተኛው ሙከራ ይምታታብሃል።

ግራፊክስ ካርድ (ምስል ወደ ስክሪኑ የሚልክ ካርድ) ለብቻው ካለህ ደግሞ የስክሪኑ ገመድ የተሰካው ካርዱ ላይ ነው ወይስ ማዘርቦርዱ ላይ? ማዘርቦርዱ ላይ ከሆነ ኮምፒውተሩ በደህና ተነስቶም ስክሪኑ ጥቁር ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ (ሐረር)፦ በተነሳ ቁጥር «ኤፍ 1 ተጫን» ይላል። ሰዓቱም ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል። ኢንተርኔትም አልከፍት አለኝ።

መልስ፦ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል። ክብ፣ ሳንቲም የመሰለች፣ ሲአር2032 የምትባል የ3 ቮልት ባትሪ ናት። ድረ ገጾቹ እምቢ የሚሉት ቀኑ ስለተሳሳተ ነው፤ የደህንነት ማረጋገጫቸው ከቀኑ ጋር አይገጥምም። ከመቀየርህ በፊት ባዮስ (ከዊንዶው በፊት የሚመጣው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብተህ የዲስኩን ማስተካከያ በስልክህ ፎቶ አንሳ። ባትሪው ሲወጣ ማስተካከያው ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረው ይመለሳል። ያኔ የዲስኩ አሠራር ከተቀየረ ዊንዶው አልነሳ ይላል፣ ሰው ደግሞ ዲስኩ ሞተ ብሎ ይደነግጣል።

ጥያቄ (ባሕር ዳር፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ)፦ መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር አልነሳ ይለኛል። ግማሽ ሰዓት ከቆየ በኋላ ይነሳል። ስታቢላይዘር አለኝ።

መልስ፦ ጋሼ፣ እንኳን ጠየቁኝ። መብራት ሲመጣ ቮልቱ አንዳንዴ ከፍ ዝቅ እያለ ነው የሚመጣው። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ያን ጊዜ ራሱን ይቆልፋል። መቆለፉ መከላከያ እንጂ ብልሽት አይደለም። ቁልፉ የሚለቀው ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት አይጠብቁ፦ ገመዱን ይንቀሉ፣ ማብሪያውን 10 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይተው መልሰው ይሰኩት።

ከእንግዲህ መብራት ሲሄድ ዲቫይደሩን ያጥፉት። ሲመጣም ወዲያው አያብሩት፤ አምስት ደቂቃ ይስጡት።

ስታቢላይዘሩ ቮልቱን ያስተካክልልዎታል፣ መብራት ሲሄድ ግን አይይዝም። የሚይዘው ውስጡ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው። ዩፒኤስ የሚገዛው ሥራ ለመቀጠል ሳይሆን ጽሑፉን አስቀምጦ በወጉ ለማጥፋት ነው። ባትሪው በተለምዶ ከ3 እስከ 5 ዓመት ውስጥ ይደክማል፤ ባትሪውን ብቻ መቀየር ይቻላል። ሌዘር ፕሪንተር እሱ ላይ እንዳይሰኩ፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ለትንሽ ዩፒኤስ ይከብዳል።

ዲቫይደሩንም ይፈትሹት። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ የፈለግኩት ችግር አንድ ጊዜ የላላ ዲቫይደር ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሲነኩት የሚሞቅ ወይም የጠቆረ ከሆነ ዛሬውኑ ይቀይሩት።

ጥያቄ (አዳማ)፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ዴስክቶፕ ይዞልኝ መጣ። ሳልሰካው ልጠይቅ ብዬ ነው።

መልስ፦ በጣም ጥሩ አድርገሃል። እዚያ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220። ከጀርባው፣ ገመዱ የሚሰካበት አካባቢ፣ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ ካለ በካቻቢቴ ጫፍ ወደ 230 አዙረው። በ115 ላይ እያለ ከሰካኸው «ጧ» ብሎ ጭስ ይወጣል። ማንሸራተቻ ከሌለው የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብብ፦ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ያለ ሐሳብ ስካው። 115 ወይም 120 ብቻ ካለ ግን ያለ ትራንስፎርመር እንዳትሰካው።

ጥያቄ (ሐዋሳ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ)፦ የዊንዶው ምልክት መጥቶ ነጠብጣቦቹ ሲዞሩ ይቆዩና ኮምፒውተሩ ራሱን ያጠፋል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ካለ በኋላ «ልጠግን» የሚል ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። አንዳንዴ ግን ደህና ይነሳል። ሁሉም ፎርማት አድርጊው ይሉኛል። የሦስት ዓመት ሒሳብ አለበት።

መልስ፦ ፎርማት አታድርጊ። በመጀመሪያ ሒሳቡን አውጪ። አሁን በደህና በሚነሳባት ሰዓት፣ ሌላ ምንም ሳትሠሪ፣ ፋይሎቹን ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጪ። አንድ ቦታ ብቻም አይበቃም፣ ሁለት ቦታ አድርጊው። ጥገናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካሰማሽ አጥፊውና አትሞክሪው። እያንዳንዱ ሙከራ የቀረውን ፋይል ይጎዳል። ድምፅ ከሌለው ፋይሉ ከወጣ በኋላ የዲስኩ ዳታ ገመድ (ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው) ይቀየር። ርካሽ ነው፣ ብዙ ጊዜም ጥፋተኛው እሱ ነው። ባዮስ ውስጥ ገብተሽ የዲስኩ ስም አንዴ እየታየ አንዴ የሚጠፋ ከሆነ ነገሩ ከዊንዶው ጋር አይገናኝም፤ ሺ ጊዜ ፎርማት ቢደረግ ተመልሶ ይመጣል። ስሙ ሁልጊዜ የሚታይ ከሆነ ግን «ሺፍት» የሚለውን ቁልፍ ይዘሽ «ሸት ዳውን» በዪው። ያኔ ዊንዶው በግማሽ ተኝቶ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። በማግስቱ በደህና ከተነሳ በግማሽ እንዲተኛ የሚያደርገውን፣ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውን የዊንዶው ማስተካከያ አስጠፊው።

ጥያቄ (ድሬዳዋ)፦ ይነሳና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ድርግም ይላል። አቧራውን ጎሚስታ ቤት ወስጄ ላስነፋው?

መልስ፦ ሙቀት ነው። በሲፒዩው ላይ ያለው ማራገቢያ መዞሩን እይ፣ ከሥሩ ያለው ብረት በአቧራ ተደፍኖ እንደሆነም እይ። ጎሚስታ ቤቱ ግን ይቅር። ኮምፕረሰሩ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፣ ከነፋሱ ጋር ይረጫል። ግፊቱም ለጎማ እንጂ ለማዘርቦርድ አይሆንም። ለስላሳ ብሩሽና ትንሽ ብሎወር ይበቃል። ስትነፋ ማራገቢያውን በጣትህ ያዘው፣ በኃይል እንዳይሽከረከር። ያም ካልረዳ ሲፒዩው ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ደርቆ ይሆናል፤ ይቀባ።

ጥያቄ (አዲስ አበባ)፦ የኬዙን ብረት ስነካ ይነዝረኛል። አንዳንዴም ሳልነካው ራሱ ይጠፋል። ይገናኛሉ?

መልስ፦ ሊገናኙ ይችላሉ። ፓወር ሰፕላዩ ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ያፈሳል፤ በመሬት ሽቦ እንዲወጣ ታስቦ ነው። ቤታችሁ የመሬት ሽቦ ከሌለው፣ ወይም ሦስተኛው እግር የተቆረጠ ገመድ ከሆነ፣ መውጫ አጥቶ በአንተ በኩል ይወጣል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተህ አርዝ አስገባ። ይህን ከኮምፒውተሩም በፊት አድርገው፣ ልጆች ይነኩታል።

ጥያቄ (ጅማ)፦ ማብሪያውን አሥር ጊዜ ስጫነው አንዴ ይሰማኛል። አንዴ ከሰማ ግን ችግር የለውም።

መልስ፦ ማብሪያው ራሱ አርጅቷል። ከማብሪያው የሚመጡት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክተዋል። እነሱን ነቅለህ የሪሴቱን (ኮምፒውተሩን እንደገና የሚያስነሳውን ቁልፍ) ሽቦ በእነሱ ቦታ ሰካ። ከዛሬ ጀምሮ በሪሴቱ ታበራለህ። አንድ ብር አታወጣም።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን፣ የጽሕፈት ቤቷ)፦ ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ። የጎረቤቴን ፓወር ሰፕላይ ማታ አስገጥሜ ዛሬ ጠዋት በመጀመሪያው ተነሳ። ልገዛ ነው፣ ምን ልይ?

መልስ፦ ደስ ብሎኛል! አሁን ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባውን ትልቁን መሰኪያ ቀዳዳ ቁጠሪ። 24 ከሆነ ገበያ ላይ ያለው ይሆንሻል። ቢሮ ውስጥ ሠርተው ያገለገሉ ዴስክቶፖች ግን አንዳንዶቹ 8 ወይም 6 ቀዳዳ ብቻ ነው ያላቸው፤ ለእነሱ የራሳቸው ዓይነት ወይም አስማሚ ገመድ ይፈለጋል። ዋቱ ከድሮው እንዳያንስ። በእጅሽም መዝኚው፤ ትልቅ ዋት ተጽፎበት እንደ ባዶ ካርቶን የሚቀልለውን ተይው። የድሮውን ፈትተሽ ይዘሽው ሂጂ፣ መጠኑንና የብሎን ቀዳዳውን እዚያው አስተያዪ። ሻጩ ሲሰካልሽም ቀዝቅዞ እንዲነሳ አድርጊ እንጂ ቀድሞ ሲሠራ የቆየውን አትቀበዪ።