ባይዋየር ካደረግክ በኋላ ቤዝ ሲጠፋ

ባይዋየር ማለት ከአምፕሊፋየሩ ለስፒከሩ ዎፈር (የቤዝ ድምፅ ማውጫ) እና ለትዊተሩ (የቀጭን ድምፅ ማውጫ) ለየብቻ ገመድ መዘርጋት ነው። «በራሴ ገመድ ባይዋየር ካደረግኩ ወዲህ ቤዙ ጠፋ» ላልከው፣ ችግሩ የአንዱ ስፒከር የዎፈር ገመድ ፕላስና ማይነሱ መገልበጡ ነው የሚመስለኝ። አንዱ ዎፈር ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ቤዙም እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ገመዶቹ ሁሉ ጥቁር ከሆኑ ደግሞ አይፈረድብህም።

1. አምፕሊፋየሩን አጥፋ፣ ገመዶቹን ከሱ በኩል ንቀል።
2. የዎፈሩን ገመድ ጫፎች በ1.5 ቮልት የሬሞት ባትሪ ለቅጽበት ብቻ ነካ አድርግ። ዎፈሩ ወደ ውጭ ብቅ ካለ የባትሪው ፕላስ የነካው ገመድ ፕላስ ነው። ቀይ ናስትሮ ጠምጥምበት።
3. ሌላውንም ስፒከር እንዲሁ።

ከስፒከሩ ኋላ መሰኪያዎቹን የሚያገናኙትን ቁራጭ ብረቶች ማውጣትህ ልክ ነው። ወደ አንድ ገመድ ከተመለስክ ግን መልሳቸው፣ አለዚያ ወይ ዎፈሩ ወይ ትዊተሩ ዝም ይላል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እኔ ለገጣፎ ቤቴ ውስጥ ስሞክር መብራት ጠፍቶ ነበርና በስልክ ብርሃን ነው ያሰርኩት። ከፕላሱ ያፈነገጠች አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ማይነሱን ነክታ ኖሮ፣ መብራት መጥቶ ድምፁን ከፍ ሳደርግ አምፕሊፋየሬ ተቃጠለ። ጫፉን በደንብ ጠምዝዘው።

በነገራችን ላይ ተራ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ በ5 ሜትር ርቀት ሬዚስታንሱ (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) ደርሶ መልስ 0.07 ኦም ገደማ ነው። ለ8 ኦም ስፒከር ምንም ማለት አይደለም። እኔ በባይዋየርና በአንድ ገመድ መካከል ልዩነት ሰምቼ አላውቅም።