ማሽን «ከነኦፕሬተሩ» ሲከራይ ጥፋቱ የማን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን አካባቢ ከአንድ አርሶ አደር አንድ ሄክታር የማይሞላ የቆመ ባሕር ዛፍ ገዝቻለሁ። ቀጭኑን ለአጣና፣ ወፍራሙን ለምሰሶ እሸጠዋለሁ። ቦታው ዳገታማ ስለሆነ ወፍራሙ ግንድ በሰው ጉልበት አይወጣም። ስለዚህ ግንዱን ጎትቶ መኪና ላይ የሚጭንልኝ ኤክስካቫተር ከነኦፕሬተሩ ለአንድ ሳምንት ልከራይ ነው። ያገናኘኝ ደላላ ነው፤ ውሉንም ያመጣው እሱ ነው። ውሉ «ማሽኑ ቢቆምም በቀን 8 ሰዓት ይታሰባል» ይላል። ይህ ሕጋዊ ነው ወይ? ቀብድ ከከፈልኩ በኋላ ማሽኑ ሳይመጣ ቢቀርስ? እኔ አዲስ አበባ ስለምውል ሥራውን ቦታው ላይ ሆኖ የሚያሠራልኝ ታናሽ ወንድሜ ነው።

መልስ፦ ሁለቱን ጥያቄዎች ባጭሩ ልመልስ። ከዚያ ወዳልጠየቁኝ ነገር እሄዳለሁ።

«ቢቆምም 8 ሰዓት ይታሰባል» ማለት ሕጋዊ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1731 እንደሚለው በሚገባ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው። ከፈረሙ በኋላ «በዛብኝ» ማለት አያዋጣም። ግን ማሽኑ የቆመበት ምክንያት ይለይ። እርስዎ መኪና ሳያቀርቡ ቀርተው ከቆመ ይክፈሉ። ማሽኑ ተበላሽቶ ወይም ኦፕሬተሩ ሳይመጣ ቀርቶ ከቆመ ግን «አይታሰብም» ተብሎ ይጻፍ። ዝናብ ሲሆን ማን እንደሚከፍል፣ ነዳጁ በማን እንደሆነ፣ ማሽኑን ጭኖ የሚያመጣውና የሚመልሰው የሎቤድ መኪና ዋጋ በማን ላይ እንደሚወድቅ አሁኑኑ ይወስኑ።

ቀብድን በተመለከተ አንቀጽ 1885 ግልጽ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ከውሉ ሲወጣ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሲወጣ ዕጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» የሚለው ቃል ይኑር። «ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ ከተጻፈ ዕጥፉ ሊያከራክር ይችላል። ገንዘቡም በባለቤቱ የባንክ ሒሳብ እንጂ በደላላው እጅ አይግባ።

አሁን እኔን ወዳሳሰበኝ ልምጣ። ደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጽፈዋል፦ ሥራውን የሚያሠራው ታናሽ ወንድሜ ነው። አይቀየሙኝና፣ ስለ ሰዓት ሒሳብ ይህን ያህል ሲጨነቁ ስለዚህ አለመጠየቅዎ ገርሞኛል።

ማሽን ተከራይተው ወደ እኔ የሚመጡ ባለጉዳዮች ደጋግመው የሚወድቁበት ወጥመድ ይኸው ነው። «ኦፕሬተሩ የእነሱ ነው፤ ደሞዙን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው፤ አንድ ነገር ቢደርስ የእነሱ ጣጣ ነው» ይላሉ። ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ ሰው የሚጎዳውም ግማሹን ይዞ ሲሄድ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የማሽን ባለቤት ማሽኑ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ባያጠፋም እንኳ። ሰዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ቀጣዩ አንቀጽ 2082 ግን ማሽኑን ለራሱ ጥቅም በእጁ ያደረገ ሰውም በእጁ ባለበት ጊዜ ለደረሰው ጉዳት እንደሚጠየቅ ይደነግጋል። አንቀጽ 2130 ደግሞ አሠሪ ሠራተኛው በሥራው ላይ ለፈጠረው ኃላፊነት ይጠየቃል ይላል። ስለዚህ ክርክሩ «በዚያን ዕለት ማሽኑ በማን እጅ ነበር? ኦፕሬተሩን ያዘዘው ማን ነው?» ወደሚል ይሄዳል። ደሞዝ ከፋዩ ማን እንደሆነ ብቻውን ነገሩን አይጨርሰውም።

የእርስዎን ውል አላየሁትም። ደላላ ይዞት በሚዞር ውል ላይ ግን ይህን የመሰለ ነገር ብዙ ጊዜ አይጠፋም፦ «ተከራይ ማሽኑን ከነኦፕሬተሩ ተረክቧል። ኦፕሬተሩ በተከራይ ትእዛዝና ቁጥጥር ሥር ይሠራል። በሥራው ላይ ለሚደርስ ማንኛውም ጉዳት ተከራይ ኃላፊ ነው።» እባክዎ አሁኑኑ ውሉን አውጥተው ይፈልጉት።

ይህ ካለ ምን ሊመጣ እንደሚችል ልንገርዎ። ወንድምዎ ዳገቱ ላይ ቆሟል። ሰዓቱ ይቆጥራል። ኦፕሬተሩ «ከዚህ በላይ ከወጣሁ ማሽኑ ይንሸራተታል» ይላል። ወንድምዎ የእርስዎን ገንዘብ እያሰበ «ግድ የለም፣ ሳበው» ይላል። ግንዱ አምልጦ ተንከባልሎ ከታች ያለ ሰው ይመታል፤ ወይም ማሽኑ ራሱ ይገለበጣል። ፖሊስ ሲመጣ የኦፕሬተሩ ቃል አንድ ነው፦ «ሳበው ያለኝ የባለሥራው ወንድም ነው።» እውነቱን ነው። ተጎጂው ባለቤቱንም እርስዎንም ሊከስ ይችላል። ባለቤቱ ውሉን አውጥቶ የከፈለውን ከእርስዎ ይጠይቃል። ማሽኑ ጋራዥ የገባበትን ወጪና ቆሞ ያጣውን ገቢም ይጨምርበታል። የአንድ ኤክስካቫተር ዋጋ በሚሊዮኖች ነው፤ የእርስዎ ባሕር ዛፍ በሙሉ ተሸጦ አይሸፍነውም። ሰው ከሞተ ወይም ከቆሰለ ደግሞ በቸልተኝነት የሚመጣ የወንጀል ክስ አለ። የወንጀል ኃላፊነት በውል ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ወንድምዎ በግሉ ነው የሚቆመው።

ስለዚህ ውሉ ላይ ሥልጣኑ ይከፈል። ምን እንደሚሠራ የሚያሳየው ወንድምዎ ነው፤ የትኛው ግንድ ይነሳ፣ የት ይከመር። እንዴት እንደሚሠራ የሚወስነው ኦፕሬተሩ ነው። ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «ኦፕሬተሩ የአከራይ ሠራተኛ ነው። የማሽኑን አነዳድ፣ አቋቋምና የቦታውን አስተማማኝነት የሚወስነው ኦፕሬተሩ ብቻ ነው። በአነዳድ ስሕተት ወይም በማሽኑ ብልሽት ለሚደርስ ጉዳት አከራይ ይጠየቃል።» ባለቤቱ እምቢ ካለ ቢያንስ «ተከራይ የሚጠየቀው ጥፋቱ የእሱ መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ነው» ይባል። ለዚህ ሲል ትንሽ ዋጋ ቢጨምርብዎ ይክፈሉት። ይህን ናሙና ግን እንዳለ ገልብጠው አይፈርሙ፤ ከቀሪው ውል ጋር መጣጣሙን ጠበቃ ይይልዎት።

ውል የሚያስረው ሁለታችሁን ብቻ መሆኑንም አይርሱ። የተጎዳውን ጎረቤት አያስረውም። ለዚህ ነው ኢንሹራንስ የሚያስፈልገው። «ኢንሹራንስ አለው» የሚለውን ቃል አይመኑ፤ ፖሊሲውን፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውሉን፣ ይጠይቁና ያንብቡት። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን የሚከፍለው ጣሪያ አለው። ከመንገድ ውጭ በሥራ ላይ የሚደርስን ጉዳትና መገልበጥን ፖሊሲው ይሸፍናል ወይ? የሚለውን ከራሱ ከፖሊሲው ያረጋግጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ኤክስካቫተር በመሠረቱ የቁፋሮ ማሽን ነው። ውሉ «ለቁፋሮ ሥራ» ብሎ እርስዎ ግንድ በሰንሰለት ካስጎተቱበት፣ ማሽኑን ከተከራዩበት ዓላማ ውጭ ተጠቅመዋል። ባለቤቱ ይህን ይይዝብዎታል፤ ኢንሹራንሱም አልከፍልም ሊል ይችላል። «ግንድ ለመጎተትና ለመጫን» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። የቆመ ዛፍ በማሽኑ ገፍቶ መጣል ካሰቡም ይህም ይጻፍ፤ ካልተጻፈ አይሞክሩት።

ደላላው ራሱ «አከራይ» ብሎ ሊፈርም ነው እንዴ? ደብዳቤዎ ላይ የባለቤቱ ነገር የለም። ሊብሬውን፣ ማለትም የማሽኑን የባለቤትነት ደብተር፣ በዓይንዎ ይዩ። ፈራሚው ባለቤቱ ካልሆነ የተረጋገጠ ውክልና ይጠይቁ፤ ውክልናው ማከራየትን ይጨምር እንደሆነም ያንብቡ። የኦፕሬተሩ መንጃ ፈቃድ ለዚያ ዓይነት ማሽን የሚያገለግል መሆኑን ይዩና ኮፒውን ያስቀሩ። ማሽኑ ሲደርስ በአራቱም በኩል ፎቶ ይነሳ፤ ሰዓት ቆጣሪውም ጭምር። ታይምሺቱን፣ ማለትም የሥራ ሰዓት መመዝገቢያውን፣ ወንድምዎ በየማታው ይፈርም፤ ማሽኑ የቆመበት ምክንያት ካልተጻፈበት ግን አይፈርም።

ስለሚቆርጡት ልጆችም አንድ ቃል አላነሱም። ሞተር መጋዝ የያዙ የቀን ሠራተኞች ይኖራሉ ብዬ እገምታለሁ። «የቀን ሠራተኛ ናቸው፣ ውል የላቸውም» ማለት አያድንም፤ የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ባያጠፋም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ይጠየቃል። ሥራውን በራሱ ኃላፊነት ለሚሠራ ኮንትራክተር ከሰጡት ያ በጽሑፍ ይሁን። ማሽኑ ሲጎትት ከታች ማንም እንዳይቆምም ለወንድምዎ አጥብቀው ይንገሩት።

አርሶ አደሩ የሸጠልዎት ግንዱን ነው ወይስ ጉቶውንም? ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ቀጣዩ ምርት የሰውዬው ነው። ማሽኑ የሚሄድበት የብረት ሰንሰለት ጉቶውን ከጨፈለቀው ካሳ ሊጠይቅዎ ይችላል። የግዢ ውልዎ ላይ ይህን ያስገቡ። የይዞታ ደብተሩ የባልና የሚስት ከሆነ የሚስትየዋም ፊርማ ይኑር። ማሽኑ የጎረቤት ማሳ የሚያቋርጥ ከሆነ የዚያን ሰው ፈቃድ በጽሑፍ ይያዙ፤ በተለይ ገብሱ ካልታጨደ።

የደን አዋጁ ቁጥር 1065/2010 ነው። የመቁረጫና የማጓጓዣ ፈቃዱን ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ማሽኑን ከመከራየትዎ በፊት ይጨርሱ። ወረቀት የሌለው ጭነት ኬላ ላይ ይያዛል፤ ያኔም የማሽኑ 8 ሰዓት መቁጠሩን አያቆምም። በባሕር ዛፉ መሐል ጽድ ወይም ሌላ ሀገር በቀል ዛፍ ካለ ወረዳውን ሳይጠይቁ አይንኩት።

ከመፈረምዎ በፊት የኪራይ ውሉን፣ የዛፍ ግዢ ውሉን፣ የሊብሬውንና የኢንሹራንስ ፖሊሲውን ኮፒ ይዘው ደብረ ብርሃን ካለ ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ። ወረዳው የሚሠራበትን ደንብ እዚያ ያለ ሰው ይበልጥ ያውቃል። የተጻፈውን ሁሉ ወንድምዎም ያንብበው። ደላላው «ዛሬ ካልፈረምክ ማሽኑ ሌላ ቦታ ይሄዳል» ካለዎት ይሂድ። የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ጥቂት ቀን ቢቆይ ብዙ አይጎዳም፤ ያልተቆረጠው ደግሞ ቆሞ ይጠብቅዎታል።